«ተበድለናል» የሚል ደጋፊ

ከዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀው፣ በኋላም ትዳር ይዞ ወደ አሜሪካ የሄደ አንድ ወዳጄ ባለፈው ክረምት ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። አብረን በተጨዋወትንባቸው ሁለት ሰዓቶች ስለ ሥራውና ስለ ቤተሰቡ ከነገረኝ ይልቅ ስለሚደግፈው የቤዝቦል ቡድን የነገረኝ በለጠ። የቡድኑን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ገንዘብ ካጠራቸው ወገን መሆኑን ማወቅ ይበቃል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ በቀደም ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹አባዬ፣ ሀብታሞቹ አስቀድመው ያሸነፉትን ጨዋታ እኛ ቁጭ ብለን የምናየው ለምንድን ነው?› አለኝ። መልስ አጣሁለት። አንተ ሥነ ምግባር ታስተምር የለም ወይ? እስቲ ንገረኝ» አለኝ።

በዚያን ሰዓት በቀልድ አሳለፍሁት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። አንዳንድ አንባብያን «በዓለም ስንት መከራ እያለ ስለ ባዕድ አገር ኳስ ማሰላሰል ምን ይባላል?» ይሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ሕፃን «ይህ ፍትሕ አይደለም» የሚለውን ቃል ብዙውን ጊዜ የሚማረው በጨዋታ ነው። በዚያ ያገኘው መልስም በኋላ ከትምህርት ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትና ከፍርድ ቤት የሚጠብቀውን ይወስናል። ስለዚህ ነገሩን በቦታው፣ ማለትም በአሜሪካ ስፖርት ውስጥ እንዳለ ልመርምረው ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የወዳጄ ብሶት መሠረት የሌለው አለመሆኑን መመስከር ይገባል። እስከ 2025 የውድድር ዘመን ድረስ በአሜሪካ ቤዝቦል አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለውን ገንዘብ የሚወስን ጣሪያ አልነበረም፤ ከተመደበው መጠን በላይ ያወጣ ቡድን ቅጣት መሰል ግብር ይከፍላል እንጂ አይከለከልም። በታኅሣሥ 2023 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጃፓናዊውን ሾሄይ ኦታኒን ለዐሥር ዓመት በ700 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ከዚህም ውስጥ 680 ሚሊዮኑ የሚከፈለው ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቡድኑም በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። በአንጻሩ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ደጋፊዎች ከ1993 እስከ 2012 ድረስ ለ20 ተከታታይ ዓመታት ከድሉ ሽንፈቱ የሚበልጥ ቡድን ሲመለከቱ ኖረዋል። በዚያች ከተማ በ1993 የተወለደ ልጅ ቡድኑ ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበትን አንድ ዓመት እንኳ ለማየት ሃያ ዓመት መቆየት ነበረበት።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1994 የካናዳዋ ከተማ የሞንትሪያል ቡድን ከሁሉ የተሻለ ውጤት ይዞ ሲመራ፣ በነሐሴ ወር የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ተነሣና ውድድሩ ተቋረጠ፤ የዚያ ዓመት የፍጻሜ ግጥሚያም ጨርሶ አልተደረገም። የጠቡ ዋና ምክንያት የቡድን ባለቤቶች የደመወዝ ጣሪያ ለመትከል መፈለጋቸው ነበር። እንግዲህ ለትናንሾቹ ቡድኖች መድኃኒት ይሆናል በተባለው ነገር የተነሣ ጠብ ከትናንሾቹ የአንዱን ታላቅ ዓመት አጠፋበት። ያ ቡድን በ2005 ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። በ2019 ሻምፒዮን ሲሆን የተጨፈረው በሌላ ከተማ ጎዳና ላይ ነበር።

ይሁንና የአንድ ሰው ሐዘን እውነተኛ መሆኑ ብቻ ተበድሏል አያሰኘውም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ ስለ ምቀኝነት ሲያስተምር፣ ሰው በሌላው ሰው መልካም ነገር የሚያዝንባቸውን አራት መንገዶች ይለያል። አንዱ ያ ሰው በኃይሉ ይጎዳኛል ከሚል ፍርሀት የሚመጣ ነው። ሁለተኛው እርሱ ያለው ነገር ለእኔ ስለ ጎደለኝ የሚሰማኝ ቁጭት ሲሆን፣ ለሥራ የሚያነሣሣ ከሆነ የሚመሰገን ቅናት ነው። ሦስተኛው ያን መልካም ነገር ያገኘው ሰው የማይገባው ነው ከሚል ቁጣ ይነሣል። አራተኛው ሌላው ከእኔ ስለ በለጠ ብቻ የሚያሳዝን ነው፤ ምቀኝነት የሚባለው ይህ የመጨረሻው ነው። በሦስተኛው ላይ አሪስቶትል ከቅዱስ ቶማስ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው፤ ማይገባው ሰው ሲከብር ማዘንን የጨዋ ሰው ጠባይ ያደርገዋል። ቅዱስ ቶማስ ግን ምድራዊ ሀብት ለማይገባው ሲሰጥ አይቶ መቆጨትን አይፈቅድም።

ወዳጄ ዶጀርስን ሲረግም ከአራቱ የትኛው ነው የሚናገረው? እኔ እንደ መሰለኝ አራቱም ተደባልቀዋል፤ እርሱም ቢሆን ይህን የሚክድ አይመስለኝም። «ገንዘባቸው ባይኖር ኖሮ» ሲል ሦስተኛው ይናገራል። ዶጀርስ በድሃ ቡድን ተሸንፎ ሲወጣ እስከ እኩለ ሌሊት ደስ ብሎት የሚቀመጠው ግን አራተኛው ነው።

ደግሞም ገንዘብና ድል እንደሚታሰበው የተቆራኙ አይደሉም። የደመወዝ ጣሪያ በሌለው ቤዝቦል ከ2001 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ አንድም ቡድን አልነበረም። ከ1994 ጀምሮ ጥብቅ ጣሪያ ባለው በአሜሪካ ፉትቦል ግን ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የሚባለው ቡድን ከ2002 እስከ 2019 ድረስ 6 ጊዜ ዋንጫ ወስዷል። ገንዘቡ እኩል ሲሆን የአሠልጣኙ ጥበብና የአንድ ተጫዋች ተሰጥዎ ልዩነቱን ይዘው ይመጣሉ። ታዲያ የጥበብም ጣሪያ ይተከል ይሆን?

አሜሪካውያን ይህን የእኩልነት ጥያቄ የመለሱበት መንገድ ለእኛ እንግዳ ነው። እኛ በምናውቀው እግር ኳስ፣ በአገራችንም ይሁን በእንግሊዝ፣ በሠንጠረዡ ግርጌ የቀረ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። በአሜሪካ ግን መውረድ የለም፤ የመጨረሻው እንዲያውም ይካሣል። በ1935 የፊላደልፊያ ኢግልስ ቡድን ባለቤት የነበረው በርት ቤል አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ምርጥ ወጣቶች ቡድኖች በተራ እንዲመርጡ፣ ተራውም በመጨረሻው ቡድን እንዲጀምር ነው። «ድራፍት» የተባለው ይህ ምርጫ በ1936 ተጀመረ። የመጀመሪያው ተራ ለራሱ ለቤል ቡድን ደረሰ፤ የተመረጠው ወጣት ጄይ በርዋንገር ግን በዚያ ሊግ አንድ ቀን እንኳ ሳይጫወት ቀረ። በጎ ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያ ፍሬው እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በ1961 ደግሞ የፉትቦል ቡድኖች የቴሌቪዥን ገቢያቸውን በአንድነት ሸጠው እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። የኒው ዮርክ ጃይንትስ ባለቤቶች የነበሩት የማራ ቤተሰብ ከሁሉ የሚበልጠውን ገበያ ይዘው ሳለ ይህን መቀበላቸው ሊመሰገን ይገባል። መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ ያላት ግሪን ቤይ፣ የአክሲዮን ባለ ድርሻ የሆነው ሕዝብ የያዘው ቡድኗን ይዛ ከታላላቆቹ ከተሞች ጋር እስከ ዛሬ የምትወዳደረው በዚህ ስምምነት ጭምር ነው።

ይህ መካፈል ምጽዋት እንዳይመስለን። ዳቦ ጋጋሪ ጎረቤቱ ያለው ጋጋሪ ቢከስር ብቻውን ጋግሮ ይሸጣል፤ የኳስ ቡድን ግን ብቻውን ተጫውቶ ቲኬት ሊሸጥ አይችልም። ጨዋታውን የሚሠሩት ሁለቱም ናቸው። ተሸናፊውም ቢሆን ተመልካቹ ከከፈለበት ነገር ግማሹን ያመረተ ነው። አንድነት ከሠሩት ሥራ የተገኘውን ፍሬ መካፈል አሪስቶትል የማከፋፈል ፍትሕ ብሎ በለየው ሥር የሚገባ ነው። የወዳጄ ብሶት በዚህ በኩል እውነተኛ የፍትሕ ጥያቄ መሆኑን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ።

ነገር ግን የመጨረሻውን የሚሸልም ሕግ ማንም ያላሰበውን ፈተና ይዞ መጣ። መጨረሻ መሆን የሚጠቅም ከሆነ፣ ብልጥ ሰው መጨረሻ መሆንን ይሻል። በቅርጫት ኳስ አንዳንድ ቡድኖች ለዚህ ሲሉ ይሸነፋሉ የሚል ጥርጣሬ ስለ በረታ ሊጉ በ1985 የመጀመሪያውን ተራ በዕጣ ማድረግ ጀመረ። ፈተናው ግን አልጠፋም። የፊላደልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስ አስተዳዳሪዎች ጥሩ ተጫዋቾቻቸውን እየለወጡ ለወደፊት የምርጫ ተራ ማጠራቀም ያዙ። ከ2013 መገባደጃ ጀምሮ ባሉት ሦስት የውድድር ዘመናት፣ በእያንዳንዱ ከሚደረጉት 82 ጨዋታዎች ቡድኑ ያሸነፈው በመጀመሪያው 19፣ በሁለተኛው 18፣ በሦስተኛው 10 ብቻ ነበር። ሊጉ በ2019 ዕጣውን እንደ ገና አሻሽሎ ለሦስቱ ደካማ ቡድኖች እኩል 14 ከመቶ ዕድል ሰጠ፤ ይህም እጅግ መጨረሻ መሆን የተለየ ጥቅም እንዳይኖረው ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የተጻፈ ሕግ አልተጣሰም። ተጫዋቾቹም ሆን ብለው አልተሸነፉም፤ ለሚቀጥለው ውላቸው ሲሉ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የሮጡ ናቸው። ታዲያ በደሉ የት አለ? በደሉ ያለው፣ ቤተሰቡን ይዞ በክረምት ምሽት ወደ ስታዲየም የመጣው ሰው የገዛው ግጥሚያ ሆኖ ሳለ፣ ሻጮቹ ግን ግጥሚያውን ባለመፈለጋቸው ነው። አንዱ ወገን ድልን ካልፈለገ የሚታየው ነገር ግጥሚያ ይመስላል እንጂ ግጥሚያ አይደለም። በየካቲት 2018 የዳላስ ቡድን ባለቤት የነበረው ማርክ ኪውባን፣ ለተወሰኑ ተጫዋቾቹ መሸነፍ የሚሻል መሆኑን እንደ ነገራቸው በግልጽ ስለ ተናገረ ሊጉ 600 ሺህ ዶላር ቀጣው። እኔ ይህን ቅጣት ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የሊጉ ኃላፊዎች የተናጋሪውን አፍ ቀጡ፤ ነገሩን የሚያተርፍ ያደረገው ግን የራሳቸው ሥርዓት ነበር።

ወዳጄም በዚህ ላይ አንድ ነገር ተናዝዞልኛል፤ የንስሐ ምስጢር ስላልሆነና ራሱም ስለ ፈቀደልኝ እጽፈዋለሁ። «በውድድሩ መጨረሻ ሳምንታት፣ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ፣ ቡድኔ እንዲሸነፍ ተመኝቼ አውቃለሁ። ልጄ ጎል እንደ ገባ ሁሉ ሲጮህ እኔ በልቤ ‹ምነው ባይሆን› እል ነበር» አለኝ። ለእኩልነት የተሠራው ሕግ አባትና ልጅን በአንድ ሶፋ ላይ ለሁለት ከፈላቸው። ይህ ጉዳት በየትኛውም የሊግ መዝገብ አይገኝም።

ሌላም የሚረሳ ወገን አለ፤ እርሱም ተጫዋቹ ነው። ደጋፊው የሚጠይቀው እኩልነት ዋጋ አለው፤ ለብዙ ዘመን ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነበር። በቤዝቦል አንድ ተጫዋች አንድ ጊዜ ከፈረመ በኋላ ቡድኑ ካልለቀቀው ወይም ካልሸጠው በቀር ዕድሜ ልኩን የዚያው ቡድን ነበር። ባለቤቶቹ ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት፣ ተጫዋቾች ነፃ ከሆኑ ሀብታም ቡድኖች ሁሉን ይሰበስቧቸዋል የሚል ነበር። በ1969 የሴንት ሉዊስ ቡድን ኩርት ፍለድ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች ሳያማክር ወደ ፊላደልፊያ ሲለውጠው፣ እርሱ አልሄድም አለ። በዓመት 90 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ሰው ስለ ነፃነት መናገሩ ለብዙዎች ቀልድ መሰላቸው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 በ5 ለ3 ድምፅ ተፈረደበት፤ የተጫዋችነት ሕይወቱም በዚያው አበቃ። በታኅሣሥ 1975 በሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጉዳይ አንድ ገላጋይ ዳኛ የሰጠው ውሳኔ ግን በሩን ከፈተ። ዛሬ ኦታኒ የሚሠራበትን ከተማ ራሱ መምረጡን ስናወግዝ፣ ፍለድ የጠየቀው ይህንኑ እንደ ነበር ልናስታውስ ይገባል። ድራፍቱስ ቢሆን፣ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት በየትኛው ከተማ እንደሚኖር ሌሎች እንዲወስኑለት የሚያደርግ አይደለምን? እኛ ለልጆቻችን ሥራ እንዲህ ያለ ሥርዓት አንፈቅድም። የእኔ አስተያየት፣ ሚዛኑ መጠበቅ ያለበት ሰውን በማሰር ሳይሆን ገንዘቡን በመካፈል ነው የሚል ነው፤ ይህ ሚዛኑን ፍጹም እንደማያደርገው ባውቅም።

እንግዲህ ለደጋፊ የሚገባው ምንድን ነው? ድል አይደለም፤ ድል ለሁሉ የሚገባ ቢሆን ውድድር ባልኖረ። ፍጹም እኩል ዕድልም አይደለም፤ እርሱን የሚሰጥ ሕግ አልተገኘም፤ ለማግኘት የተደረገው ጥረትም ምን እንደ ወለደ አይተናል። ለእርሱ የሚገባው፣ በፊቱ የሚደረገው ነገር እነርሱ ነው ያሉት እንዲሆን፣ ማለትም እውነት እንዲሆን ይመስለኛል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከዶጀርስ ገንዘብ ይልቅ የከፋው ሂዩስተን አስትሮስ በ2017 ያደረገው ነው። ዶጀርስ የከፈለው በአደባባይ፣ በታወቀ ሕግ ነው። አስትሮስ ግን ኳስ ያዡ ለወርዋሪው በጣቱ የሚሰጠውን ምስጢራዊ ምልክት በካሜራ እያየ፣ የቆሻሻ በርሜል በመደብደብ ለመቺዎቹ ያሳውቅ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ሻምፒዮን ሆነ። ነገሩ ተመርምሮ በጥር 2020 ውሳኔ ሲሰጥ ቡድኑ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ አሠልጣኙና ዋና ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ዓመት ታገዱ፤ ተጫዋቾቹ ግን ቃላቸውን የሰጡት እንደማይቀጡ ተነግሯቸው ስለ ነበር አልተቀጡም። ዋንጫውም አልተወሰደም። በዚህ የሚቆጣ ሰው ምቀኛ አይባልም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ በደብዳቤ ጽፌ ልኬለታለሁ። ልጁ ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን ነውና ክርክሩን ትተህ አንድ ታሪክ ንገረው አልሁት።

በሰኔ 2 ቀን 2010 በዲትሮይት ከተማ አርማንዶ ጋላራጋ የሚባል የ28 ዓመት ቬኔዝዌላዊ ኳስ ወርዋሪ ከክሊቭላንድ ቡድን የመጡትን 26 መቺዎች አንድም ወደ ማረፊያ ሳያደርስ በተከታታይ አስወጣ። አንድ ብቻ ቀረው። 27ቱን የጨረሰ ወርዋሪ «ፍጹም ጨዋታ» ተጫወተ ይባላል፤ ከ1880 ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ የሆነው 20 ጊዜ ብቻ ነበር። ሃያ ሰባተኛው፣ ጄሰን ዶናልድ፣ ኳሷን መሬት ለመሬት መታትና ሮጠ፤ ኳሷ ግን በመጀመሪያው ማረፊያ ላይ በጋላራጋ እጅ ቀድማ ደረሰች። ሰው ሁሉ አየ። ዳኛው ጂም ጆይስ እጆቹን ዘርግቶ «ደርሷል» ብሎ ፈረደ።

ጋላራጋ ፈገግ አለ። ወደ ቦታው ተመልሶ የሚቀጥለውን መቺ አስወጣና ጨዋታው በቡድኑ አሸናፊነት ተፈጸመ። ጆይስ ወደ ክፍሉ ገብቶ ፊልሙን እንዳየ፣ የተሳሳተው እርሱ መሆኑን ለጋዜጠኞች ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ወጣቱንም አስጠርቶ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀው። ጋላራጋም አቀፈው። በማግስቱ እነዚያው ቡድኖች እንደ ገና ይጫወቱ ስለ ነበር ጆይስ እንዳይዳኝ ዕረፍት ሊሰጡት ፈለጉ፤ እርሱ ግን እሠራለሁ አለ። ከጨዋታው በፊት የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ለዳኛው የሚያስረክበው ብዙ ጊዜ አሠልጣኙ ነው፤ በዚያ ቀን የዲትሮይት ቡድን ወረቀቱን ያስያዘው ለጋላራጋ ነበር። ጆይስ እንባውን እየጠረገ ተቀበለው፤ ትከሻውንም መታ አደረገው።

የቤዝቦል ኮሚሽነር ፍርዱን እንዲለውጥ ብዙዎች ለመኑት፤ እርሱ ግን አልለወጠም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ እንዲህ ያለው ፍርድ በፊልም እየታየ እንዲታረም ተፈቀደ። የጋላራጋ ጨዋታ ግን በይፋዊው መዝገብ አንድ ኳስ የተመታበት ጨዋታ ተብሎ እንደ ተጻፈ ነው፤ የመታውም ሰው ስም ዶናልድ ነው።